ቦቴና የቆላ ፀሐይ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «በሥራህ ስለምታውቀው ነገር ጥቂት ተናገር» ስላለኝ ነው የቆምኩት። እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ ቦቴ ነጂ ነበርኩ። እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ፣ ከዚያ ወዲህ በጅቡቲ መንገድ ነዳጅ ሳመላልስ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ የሚውሉ የአባሎቻችን ልጆች ስላሉ ነገሩ የሁላችንም ነው።

የቦቴ አደጋ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው መገልበጥ ነው። መገልበጡስ አለ። ነገር ግን መኪናው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ፀሐይ ብቻዋን የምትሠራው ሥራ አለ። ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከ1,000 ሊትሩ ላይ 1 ሊትር ያህል ያብጣል። ሲሰሙት ትንሽ ነው። 30,000 ሊትር የጫነ ቦቴ ግን 5 ዲግሪ ቢሞቅ የ150 ሊትር ቦታ ይፈልጋል፤ ካላገኘ በክዳኑ ይወጣል። ቦቴ እስከ አፉ የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ለምን ይሞላል? ይህን ልንገራችሁ፤ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነው። በጅቡቲ ሙቀት የተጫነ ቤንዚን አዲስ አበባ ብርድ ላይ ሲደርስ ይሰበሰባል። በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከ30,000ው ላይ 450 ሊትር ያህል ይጎድላል፤ ከሁለት በርሜል በላይ ማለት ነው፤ አንድ ጠብታ ሳይፈስ! በእኔ ጊዜ ተረካቢው በመለኪያ ዘንግ ለክቶ «የት አደረስከው?» ይለን ነበር። ከደመወዛችንም ይቆረጣል። ሙቀቱን የሚያሰላልን ሰው አልነበረም። ሁለት ጊዜ የተቆረጠበት ሾፌር በሦስተኛው ጫኙን «ትንሽ ጨምርልኝ» ይላል። እኔም ብያለሁ።

ወሩ ሰኔ ነበር። በሌሊት ጭኜ ሚሌ ስደርስ ቤት ብደውል፣ ጎረቤቴ ማረፋቸውንና ቀብራቸው በማግስቱ መሆኑን ነገሩኝ። የእኛ ልማድ ቆላውን በሌሊትና በማለዳ መጨረስ፣ ቀትሩን ጥላ ሥር ማሳለፍ ነው። እኔ ግን የቀብሩም ነገር፣ እውነቱን ለመናገር የዕድሩ ቅጣትም ነገር ከነከነኝና በቀትር ነዳሁ። ጥቂት እንደሄድን ረዳቴ በመስተዋት አይቶ «ጋሼ፣ ቦቴው አልቦታል!» አለኝ። ቤንዚኑ ከላይ ከክዳኑ ወጥቶ በታንከሩ ጎን ይወርዳል። ከታች ደግሞ የጋለ ጎማና የጋለ ፍሬን አለ።

ሞተር አጥፍተን ወርደን፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ወገን ራቅን። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳልና በመሬት ላይ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታው ይሳባል፤ ሩቅ ያለ እሳት ካገኘው ይዞት ይመለሳል። ወዲያው ሰዎች ጀሪካን ይዘው መጡ። ያን ቀን ትልቁ ሥራዬ እነሱን እየለመንኩ መመለስ ነበር። እስኪመሽ ቆየን፤ ቀብሩም አመለጠኝ።

የቤንዚን ታንከር ቢያንስ መተንፈሻ አለው። በግፊት ፈሳሽ የተደረገ ጋዝ ግን በዝግ ታንከር ነው የሚሄደው፤ መፈናፈኛ ከሌለው ብረቱን ይሰነጥቃል። ሐምሌ 4 ቀን 1970 ዓ.ም. በስፔን አገር ፕሮፒሊን የሚባል ጋዝ የጫነ ቦቴ ከታራጎና ተነሣ። መጫን የነበረበት ከ19 ቶን ትንሽ በለጥ ያለ ሆኖ ሳለ ከ23 ቶን በላይ ተሞልቷል፤ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍስ ቫልቭም አልነበረው። በበጋ ቀትር፣ በባሕሩ ዳር መንገድ ሲሄድ፣ ሎስ አልፋኬስ በሚባል የመዝናኛ ሰፈር አጠገብ ታንከሩ ፈንድቶ እሳት ሆነ። የሞቱት 217 ናቸው። አብዛኞቹ ለዋና የወጡ፣ ልብስ እንኳ በወጉ ያልለበሱ እንግዶች ነበሩ። አስከሬኑ የማን እንደሆነ መለየት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ቀባሪ ለሆንን ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

በአይሱዙ በርሜልና ጆንያ የሚጭኑ ልጆችም አሉን። ለውሃ ማከሚያ የሚሆነው የክሎሪን ዱቄት ሙቀት አይወድም፤ ዘይት ወይም ናፍጣ ከነካው ያለ ክብሪት ይነዳል። በፀሐይ ያበጠ የኬሚካል በርሜል ካያችሁም በመዶሻ አትምቱት፤ ክዳኑንም አትፍቱ፤ ራቁና ለባለቤቱ ንገሩ። ባዶውን ለውሃ ማጠራቀሚያ መግዛቱ ራሱን የቻለ ሌላ ጉድ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። በመተዳደሪያ ደንባችን ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ነዳጅ ወይም ኬሚካል ጭኖ በቆላ መንገድ ላይ ያለ አባል፣ የጉዞ ወረቀቱን ለጸሐፊው ካሳየ፣ ቅጣቱ እንዲነሣለት ለጉባዔው ሐሳብ አቀርባለሁ። ቤተሰቦችም ልቅሶ ሲነግሩት «ቶሎ ድረስ» አይበሉት፤ ሠልስት ላይ ይደርሳል። እኔ የዚያን ጊዜውን ቅጣቴን ከፍያለሁ፤ ይመለስልኝ አልልም።