መልካም ድምፅ ያለው ሸክላ እንዴት ይመረጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሄቪ ሜታል ሸክላ ለመናገር በፊታችሁ ስቆም ብዙዎቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። አባቴ ይህን ሙዚቃ «የቆርቆሮ ጩኸት» ይለው ነበር። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም፤ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ሁሉ ሰጥቼ የገዛሁት አዲስ ሸክላ፥ ሽፋኑ ያማረ፥ ክብደቱም 180 ግራም ሆኖ ሳለ፥ ሲጫወት በእርግጥ ጩኸት ነበረና። ታዲያ ጥፋቱ የሙዚቃው ነው ወይስ የሸክላው? ነገሩን መርምሬ ሦስት ቁም ነገር አገኘሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛው ቦታ ነው። ሸክላ እንደ ታረሰ ማሳ ነው፤ መርፌው በፈሩ ውስጥ እየሄደ ድምፁን ያወጣል። ወፍራም ድምፅ ሰፊ ፈር ይፈልጋል። በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ደቂቃ ከተጨናነቀ ግን ፈሩ መጥበብ ስላለበት፥ ቀራጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፥ ወፍራሙንም ይቀንሳል። የጁዳስ ፕሪስት «ብሪቲሽ ስቲል» (1980) 36 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ለእያንዳንዱ ገጽ 18 ደቂቃ ብቻ ይደርሰዋል። የሜታሊካ «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» (1986) ግን 54 ደቂቃ ያህል ሆኖ ሳለ በአንድ ሸክላ ወጣ። በ2008 በሁለት ሸክላ፥ በደቂቃ 45 ዙር እንዲጫወት ሆኖ ሲታተም ፈሩ እፎይ አለ።

ሁለተኛው የቀራጩ እጅ ነው። ለሄቪ ሜታል መንገድ ከጠረጉት አንዱ የሆነውን ሁለተኛውን የሌድ ዘፔሊን ሸክላ በ1969 በአሜሪካ የቀረጸው ሮበርት ሉድዊግ ነበር። ኃይሉን ሳይቀንስ ስለ ቀረጸው በርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው ዘለለ፤ ስለዚህ ሸክላው ኃይሉ ተቀንሶ እንደገና ተቀረጸ። ዛሬ ፈላጊዎች የፊተኛውን የሚለዩት በሽፋኑ አይደለም። ፈሩ ካለቀበት እስከ መካከለኛው ወረቀት ባለው ባዶ ቦታ ላይ «አር» እና «ኤል» የሚሉ የስሙን መነሻ ፊደሎች በብርሃን አዘንብለው ያነባሉ።

ሦስተኛው ምንጩ ነው። የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 ሲወጣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ድምፅ እጅግ እስኪቀራረብ ድረስ ተጨምቆ ስለ ነበር ብዙ አድማጮች ቅሬታ አሰሙ። ውኃ ከምንጩ ከደፈረሰ በወርቅ ዋንጫ ቢቀዳም አይጠራም፤ 180 ግራም መመዘኑም ድምፁን አያጠራውም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፥ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ደቂቃውን ቁጠሩ፤ ፊደሉን አንብቡ፤ ከምን እንደ ተቀዳ ጠይቁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ከተቻለ አስቀድማችሁ ስሙ።

እኔም በመጨረሻ ሽፋኑ የተቀዳደደ አንድ አሮጌ «ብሪቲሽ ስቲል» በጥቂት ገንዘብ ገዝቼ ቤት አጫወትኩ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፥ «ለካስ ጊታሮቹ ሁለት ኖረዋል!» አለኝ። ሙዚቃውን እስከ ዛሬ አልወደደውም። ጩኸት ብሎ ግን ዳግመኛ አልጠራውም።

አንድን ነገር አጥርተን ሳንሰማ እንዳንፈርድበት ይህ ለእኔ ትምህርት ሆኖኛል። እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።