የአሮጌ ላንድሮቨር ኦሪጅናል አካላት

በራስ መኮንን ድልድይ አልፎ ወደ ፒያሳ የሚወጣ አሮጌ ላንድሮቨር፣ ፓራፋንጎው ማለትም የጎማ መሸፈኛው ከፋብሪካ አብሮት የወጣ ይሁን ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የተገዛ፣ በቀለሙ አይለይም። የዚህ መኪና ውጫዊ አካል በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ማለትም ሁሉን የሚሸከመው የሥር አጽም ግን ከብረት የተሠራ በመሆኑ፣ ማግኔት የሚይዝ ፓራፋንጎ በላሜራ መተካቱን ያሳብቃል። የፊት መብራቶቹም እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ገደማ በፓራፋንጎዎቹ መካከል፣ ከዚያ ወዲህ ግን በራሳቸው በፓራፋንጎዎቹ ላይ የሚገኙ ስለሆነ፣ ቦታቸው በሊብሬው ማለትም በባለቤትነት ደብተሩ ከሰፈረው የሥሪት ዘመን ጋር ይመሳከራል። መሪው ግን አሳሳች ነው፤ ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. በመንገዱ ግራ ከመንዳት ወደ ቀኝ በመዛወሯ፣ ቀድሞ የገባ መኪና መሪው በኋላ ተዛውሮለት ሊሆን ስለሚችል፣ ከመሪው ይልቅ በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ይታመናል።