ያደግንበትን የደቻቱን ዳር ስለ መጎብኘታችን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በቀድሞ ተማሪዎች የተነገረ)



የዚህ በዓል አዘጋጆች ስለ ትምህርት ጥቅም እንድንናገር ጠይቀውን ነበር። ዳሩ ግን በዚህ ጉዳይ ከእኛ የተሻሉ ተናጋሪዎች ስለማይጠፉ፥ እኛ አራታችን ከትናንት ወዲያ ያደረግነውን አንድ ጉብኝት ልንነግራችሁ ፈቃድ ለምነን ተፈቀደልን። አራታችንም ያደግነው በአንድ ሠፈር፥ በደቻቱ ዳር በመጋላ ወገን ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ጨርሰን ከድሬዳዋ የወጣነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፥ አንድ ላይ ሆነን ሠፈራችንን ስንረግጥ ከዚያ ወዲህ ይህ የመጀመሪያችን ነው።

የመጣነው በባቡር ነው። ለታናሾቻችን እንንገር፤ በእኛ ልጅነት ባቡሩ ከከተማው መካከል፥ ከከዚራ ጣቢያ ድረስ ይገባ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ ሥራ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፥ ከተማው ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ተቆረቆረ፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። አዲስ አበባ ባቡር ያየችው ከእኛ 14 ዓመት ቆይታ፥ በ1909 ዓ.ም. ነው። (ይህን በልጅነታችን ለአዲስ አበባ እንግዶች መናገር በጣም ደስ ይለን ነበር።) ሰዓት የሌለው ቤት በባቡሩ ፉጨት ይነሣ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚቆም፥ ወደ ውስጥ የገባነው በባጃጅ ነው። ነጂው ከየት እንደ መጣን ቢጠይቀን «የዚሁ ልጆች ነን» አልነው። ዞር ብሎ አየንና ሣቀ፤ ያስከፈለን ግን የእንግዳ ዋጋ ነው።

ከዚራ ጥላዋ እንዳለ ነው፤ ከዚያ ብዙ አልቆየንም። ልባችን ያለው ከወንዙ ማዶ ነበርና።

ደቻቱን ወንዝ ብሎ መጥራት ለማያውቀው ሰው ያሳስታል። በዓመቱ በአብዛኛው ጊዜ ውሃ የለበትም፤ አሸዋ ብቻ ነው። ስለዚህ ለነጋዴው ገበያ፥ ለባለ ጋሪው መንገድ፥ ለእኛ ደግሞ የኳስ ሜዳ ነበር። የአሸዋው ክፋት፥ ውሃው የሚመጣው እዚህ በሚዘንበው ዝናብ አለመሆኑ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ በ1,200 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣ፥ ከበላይዋ ደግሞ የደንገጎ ተራራ ይቆማል። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ሲያቃጥል፥ እዚያ ላይ ዝናብ ይወርድና ዛፉ የተመናመነው ቁልቁለት ውሃውን ሳይዝ ይለቀዋል። ጎርፉም ደረቅ ወንዝ ውስጥ ለሚጫወት ልጅ ሳይነግረው ይደርስበታል።

የሚነግረን ሰው ግን ነበረን። ከወንዙ አፋፍ ላይ ባጅያ እየጠበሱ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እኛ «እማማ ባጅያ» እንላቸው ነበር። ምጣዳቸውን የሚጥዱት ፊታቸውን ወደ ደንገጎ አዙረው ነው። ተራራው ሲጠቁር ማንኪያቸውን አንሥተው እየተጣሩ ከአሸዋው ያስወጡን ነበር። ጨዋታው ሁለት ለሁለት ቢሆን፥ ጎል ሊገባ ቢል፥ ለእርሳቸው ግድ አልነበረም። እኛም እናጉረመርም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ውሃው ሳይመጣ ይቀራልና። ሳንቲም የሌለውን በዱቤ ይሰጡ ነበር። ዱቤውንም በከሰል በበራቸው ላይ ይሠምሩታል፤ ለእያንዳንዳችን አንድ መሥመር ነበረን።

ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት፥ ሰው ተኝቶ ሳለ፥ ደቻቱ ሞልቶ ከዳር ዳር ያለውን ሠፈር ወሰደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። በጨለማ ተራራው ሲጠቁር ማን ያያል? እማማ ባጅያም በዚያች ሌሊት ከቤታቸው ጋር ሄዱ።

እኛ ያን ጊዜ ሦስታችን በአዲስ አበባ፥ አንዳችን በጅዳ ነበርን። ወሬውን በሬዲዮ ሰማን። ዘመዶቻችን መትረፋቸውን ስናረጋግጥ እግዚአብሔርን አመስግነን ወደ ሥራችን ተመለስን። አንዳችን ገንዘብ ላከ፤ የመጣ ግን የለም። የእማማ ባጅያን ሞት የሰማነው ከወራት በኋላ፥ ያውም በሌላ ወሬ መካከል ነው። ይህን የምንነግራችሁ ልታዝኑልን አይደለም፤ የሆነው ይህ ነው።

እንግዲህ ከትናንት ወዲያ የእርሳቸውን ቤት ቦታ ፍለጋ ወረድን። አሁን በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ከግንቡ አጠገብ ቆመን ክርክር ጀመርን። አንዳችን ከግራሩ ሥር ነበር አለ፤ ሁለተኛው ከቦኖው በስተቀኝ ነው አለ፤ ሦስተኛው ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብሎ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ታች ወሰደን። አራተኛው ምንም አላለም። ግራሩም ቦኖውም ስለሌሉ የሚዳኝ ጠፋ። በየቀኑ እየሮጥን የመጣንበትን በር ለማግኘት አራት የተማሩ ሰዎች አቃተን።

ከሰዓት በኋላ ስለ ነበር በየደጃፉ ምንጣፍ ተነጥፎ ጫት ተዘርግቷል። አንድ ሽማግሌ ክርክራችንን ሰምተው ኖሮ «አቦ፥ ምን ጠፋችሁ?» አሉን። የእማማ ባጅያን ቤት እንደምንፈልግ ነገርናቸው።

«የትኛዋን? እዚህ ባጅያ የጠበሰ ብዙ ነው። ስሟን ንገሩኝ።»

እርስ በርሳችን ተያየን። ከአራታችን አንድም ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። አሥር ዓመት ሙሉ ከእጃቸው በልተናል፤ እርሳቸውም ከአሸዋው ሲያስወጡን እያንዳንዳችንን በስማችን፥ አንዳንድ ጊዜም በአባታችን ስም ጭምር ነበር የሚጠሩን። እኛ የእርሳቸውን አንድ ቀን አልጠየቅንም።

«ተራራውን እያዩ ልጆች ከወንዝ ያስወጡ የነበሩት» አለ በመጨረሻ ዝም ብሎ የቆየው ጓደኛችን።

«እርሷን ነው?» አሉና ስማቸውን ነገሩን። ቦታውንም አሳዩን። ሦስታችንም ተሳስተን ኖሯል፤ ቤቱ የነበረው ግንቡ ራሱ ከቆመበት ላይ ነው። ሽማግሌው የጫታቸውን እንጨት ይዘው እንደ ሕፃን ሥዕል በአፈሩ ላይ በሩን፥ መስኮቱንና የምጣዱን ቦታ ሠመሩልን። ከዚያም የሟችቱ የልጅ ልጅ በዚሁ በእኛ ትምህርት ቤት እንደምትማር፥ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል እንደ ሆነች ነገሩን።

ስለዚህ ስማቸውን ዛሬ በዚህ መድረክ ላይ አንጠራም፤ ፈቃዷን ገና አልጠየቅንምና። አንዳችን ከመውጣቱ በፊት ያልከፈለው የዘጠኝ ባጅያ ዱቤ እንዳለበት እስከ ዛሬ ያስታውሳል፤ የቀረነው ስንት እንደ ነበረብን እንኳ አናውቅም። በዓሉ ሲያበቃ ከበሩ አጠገብ፥ ከጥበቃው ቤት ጥላ ሥር ቆመን እንጠብቃለን። የምታውቋት ተማሪዎች ብትኖሩ፥ አራት የአያቷ ደንበኞች ይፈልጉሻል ብላችሁ ንገሩልን።