የፊል እርምጃ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ሰንጠረዥ በአገራችን የቆየ ጨዋታ ነው። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ጨዋታው በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ይዘወተር እንደነበር ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አጠገብ ቆስሎ የሞተው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም ስለ አጨዋወቱ ጽፎ አልፏል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሠሩት በቁስቋም ግንብ አጠገብ የሚያድግ ልጅ ፍርስራሹን በየቀኑ ያያል፤ በመኳንንት ቤት ይዘወተር የነበረውን ጨዋታ ግን የሚያስተምረው ካላገኘ አያውቀውም። ግንብ ቢፈርስ ድንጋዩ ይቀራል፤ ጨዋታ ግን ከተጫዋቾቹ ጋር ይጠፋል።

ታዲያ ትምህርቱ በየትኛው ጠጠር ይጀመር? በፊል ቢጀመር ይመረጣል። መደቅ ወደ ፊት በቀጥታ እየሄደ በሰያፍ ስለሚበላ ጀማሪውን ግራ ያጋባል። ፊል ግን በሚሄድበት መንገድ ይበላል። እርምጃውም አንድ ብቻ ነው፤ በሰያፍ አንዱን ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅለት የሚገባ ነገር አለ። ልጆቻችን አስቀድመው የሚያውቁት ዳማን ነው። በዳማ የተዘለለ ጠጠር ይበላል። ስለዚህ ልጁ ፊሉን አዝልሎ መካከል ያለውን ጠጠር ቢያነሣ ከስንፍና አይደለም፤ የሚያውቀውን ሕግ መከተሉ ነው። ከመገሠጽ ይልቅ መሬት ላይ ሰሌዳ ሥሎ፣ በመካከለኛው ቤት አንድ ጠጠር፣ በማረፊያው ሌላ ጠጠር አስቀምጦ፣ «የትኛው ተበላ?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ፊል የሚበላው ያረፈበትን እንጂ የዘለለውን አይደለም።

ቀጥሎ ሰሌዳውን ባዶ አድርጎ፣ ፊሉ ከመነሻው ተነሥቶ ሊደርስባቸው የሚችላቸውን ቤቶች ሁሉ በባቄላ ፍሬ ማስመልከት ነው። ከ64 ቤቶች መካከል መነሻው ተጨምሮ 8 ብቻ ይሆናሉ። በሁለቱም ወገን ያሉት አራቱ ፊሎች የየራሳቸው 8 ቤቶች ስላሏቸው፣ በድምሩ 32 ቤቶችን ይካፈላሉ፤ የቀሩትን 32 ቤቶች አንዱም ፊል አይረግጣቸውም። ፊል ፊልን ሊበላ የማይችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ልጆቹ በቃል ከሚነገራቸው ይልቅ ቆጥረው ቢያገኙት ሒሳብንም ጨዋታንም በአንድነት ይማራሉ።

ከዚህ በኋላ ፈርዝ፣ ፈረስ፣ ደር፣ ንጉሥና መደቅ በየተራቸው ይከተላሉ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ የሚንቀሳቀሱበት ወረራ ግን ለመጨረሻ ይቆይ። እያንዳንዱን እርምጃ ያላጠና ልጅ በጥድፊያው ውስጥ የሚያተርፈው ጫጫታ ብቻ ነውና።

ሰሌዳ የለም ተብሎ ትምህርቱ ሊቀር አይገባውም። የጥንቱ ገበታ በቀይ ጨርቅ ላይ በመስመር የተከፈለ እንጂ በጥቁርና በነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም። መሬትና እንጨት፣ ጠጠርና ባቄላ በየትምህርት ቤታችን ግቢ ይገኛሉ። የሚጎድለው የሚያስተምር ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ከዚህ ጉባኤ ሊወጣ ይገባዋል።