አፍንጫዬ ሲደርቅ ያደረግኩት
(በእሁዱ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ሳይነስ ኦፕራሲዮኔ ነው። እውነቱን ልናገርና አፍሬ ነበር። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት በሚወራበት ክፍል ውስጥ ስለ አፍንጫ ምን ይወራል ብዬ። ግን ባለፈው ወር ሁለት ልጆች ለብቻዬ ጠርተው «እኛንም ሐኪም ኦፕራሲዮን ብሎናል፣ ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል?» ሲሉኝ ነገሩ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ ነርስ አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ። የምነግራችሁ ያለፍኩበትንና ሐኪሙና ነርሷ የነገሩኝን ነው። የእናንተ ሐኪም ሌላ ነገር ካለ የእሱን ስሙ።

ዱባይ ከመጣሁ ጀምሮ አፍንጫዬ ተዘግቶ ነው የኖርኩት። ጉንፋን ነው እያልኩ አራት ዓመት። ማሽተት ትቼ ነበር፣ መተዌን ግን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወተት ገንፍሎ የምድጃውን እሳት አጥፍቶታል፣ ጋዙ ግን ይወጣል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ማዳም ከሳሎን እየጮኸች ሮጣ መጣችና ዘጋችው። «አይሸትሽም እንዴ?» አለችኝ። አይሸተኝም። ልጆቹ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቁርስ እየበሉ ነበር። እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ያን ቀን ነው ማዳም ራሷ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ራጅ አነሱኝ፣ ፖሊፕ አለ አሉኝ። ፖሊፕ ማለት የወይን ፍሬ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ነው፣ አፍንጫ ውስጥ በቅሎ መተላለፊያውን ይዘጋል። ካንሰር አይደለም አሉኝ፣ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ኦፕራሲዮኑ በካሜራ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ነው፣ ፊት ላይ ምንም አይቀደድም። ተኝቼ ነቃሁ፣ አለቀ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ የመሰለኝ ከኦፕራሲዮን በኋላ አፍንጫዬ እንደ መስኮት ክፍት ይሆናል ነው። ደረቀ! ውስጡ እንደ ተሰነጠቀ ጭቃ ሆነ። ቅርፊት ይጋገርበታል፣ ሲተነፍሱ ያቃጥላል፣ ሌሊት በአፌ እየተነፈስኩ ጉሮሮዬ ደርቆ እነቃለሁ። ነርሷ፣ የሕንድ አገር ሴት ናት፣ በእጇ እያሳየች አስረዳችኝ። አፍንጫ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፣ ንፍጡን እየጠረጉ ወደ ጉሮሮ ያወርዱታል። እንደኛው የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ለሳምንታት ሥራ ያቆማሉ። ንፍጡና ደሙ እዚያው ይቀመጥና ይደርቃል። በዚያ ላይ ኤሲው አለ። እዚህ አገር በሐምሌ ውጪው እርጥብ ነው፣ ላባችን አይደርቅም፣ ቤት ውስጥ ግን ኤሲው እርጥበቱን መጥጦ ያወጣዋል። የኔ ክፍል ደግሞ ጠባብ ናት፣ ኤሲው በቀጥታ ፊቴ ላይ ነበር የሚነፋው።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት።

የመጀመሪያው፣ በስምንተኛው ቀን ቅርፊቱ አስጨነቀኝና በጥፍሬ ጎትቼ አወጣሁት። ደሙ እንደ ቧንቧ ወረደ። ልጅ ሆኜ እንዳየሁት አንገቴን ወደ ኋላ ቀና አደረግኩ። ደሙን ስውጥ ቆይቼ አስመለሰኝ። ለካ ተገላቢጦሽ ነው። ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ማጎንበስ፣ የአፍንጫን ለስላሳውን ክፍል በሁለት ጣት ጨምቆ አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መያዝ፣ ወደ አፍ የመጣውን መትፋት። ካልቆመ ሐኪም ቤት። ቅርፊት ደግሞ አይጎተትም፣ ረጥቦ ራሱ ይወድቃል፣ ያልወደቀውን ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን በመሣሪያ ያነሳዋል። ስለዚህ «ድኛለሁ» ብላችሁ ቀጠሮ አትቅሩ።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። በጨው ውሃ እጠቢ ተብዬ ነበር። ከፋርማሲ የሚሸጠው ሲያልቅብኝ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ የቧንቧ ውሃ ቀዳሁ፣ የወጥ ጨው በግምት ጨመርኩና አፍንጫዬ ውስጥ ላክሁት። በርበሬ የገባብኝ መሰለኝ። ለነርሷ ስነግራት ግን እሷ የደነገጠችው በጨው አይደለም፣ በውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ ለመጠጥ ቢሆን እንኳ ለአፍንጫ አይሆንም። ውሃ ውስጥ አልፎ አልፎ አሜባ ይኖራል፣ ሲጠጡት ጨጓራ ይገድለዋል፣ በአፍንጫ ሲገባ ግን ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ከያዘ ግን የሚድን ጥቂት ነው። አሜሪካ ውስጥ አፍንጫቸውን በቧንቧ ውሃ አጥበው በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። የጋሎን ውሃም «ንጹህ» ቢባል ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም።

እና ውሃው ይፈላል። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ተከድኖ ይቀዘቅዛል፣ ለብ ሲል ይታጠቡበታል። አገር ቤት ገብታችሁ አዲስ አበባ ላይ ከሆነ ሦስት ደቂቃ አፍሉት፣ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። ካልሆነ ደግሞ «ዲስቲልድ» የሚል የተጻፈበት ውሃ ይገዛል።

ጨውን በተመለከተ የሚሻለው ከፋርማሲ ተመጥኖ በትንሽ ከረጢት የሚሸጠው ነው። እሱ ከሌለ አዮዲን የሌለበት ጨው ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ ቤኪንግ ሶዳ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ክዳን ያለው ደረቅ ብልቃጥ ውስጥ ቀላቅሎ ማስቀመጥ። ቤኪንግ ሶዳ አልኩ፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ ማዳም ኩሽና ሁለቱም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት! ከዚያ ቅልቅል አንድ የሻይ ማንኪያ በ240 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ። ካቃጠለ ቅልቅሉን ቀነስ ማድረግ ነው። ጨው ጭራሽ የሌለው ውሃም ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጨርሳችሁ አትተዉት።

እኔን ያዘዘኝ በቀን አራት ጊዜ ነበር። መቼ ላድርገው? ሥራ አለ። ማዳም ስትሰግድ እኔ መታጠቢያ ቤት እገባለሁ። እሷ ስትጨርስ እኔም እጨርሳለሁ፣ በኋላ ላይ እሷው «ሰዓትሽ ደረሰ» ትለኝ ጀመር። በመሃል በመሃል ደግሞ ተራውን የጨው ውሃ ስፕሬይ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ይዤ እረጫለሁ። ይሄ የጨው ብቻ የሆነው ነው። አፍንጫ የሚከፍተው ስፕሬይ ሌላ ነው፣ ተጠንቀቁ። እሱ ወዲያው ይከፍትና ደስ ይላል፣ ከጥቂት ቀን በላይ ሲሆን ግን መልሶ የባሰ ይዘጋል፣ ያደርቃልም። እኔ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ለወራት ያንን ስረጭ ነበር የኖርኩት።

እናቴ በስልክ ሰምታ «ለጋ ቅቤ ጣል አድርጊበት» አለችኝ። አንዷ እህታችን ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ዳማከሴ አመጣችልኝ፣ ሌላዋ የባሕር ዛፍ እንፋሎት ታጠኚ አለችኝ። ሁሉም ከፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ሐኪሙን ጠየቅኩት። ቅባት ነገር እየተንሸራተተ ሳንባ ሊገባ ይችላልና አይሆንም አለ። ትኩስ እንፋሎት አዲስ ቁስል ያደማል። ዳማከሴንም ቁስል ላይ ምንም ቅጠል አትጭመቂ አለኝ። በእነሱ ፈንታ በውሃ የተሠራ የጨው ጄል አዘዘልኝ፣ ማታ በትንሿ ጣት ጫፍ ቀዳዳው አፍ ላይ ብቻ መቀባት ነው። ያ ጄል ነው እንቅልፍ የሰጠኝ።

ክፍሌንም አስተካከልኩ። አልጋዋን ማዞር አልቻልኩም፣ ቦታ የለም፣ ግን ትራሴን ወደ እግርጌ አዛወርኩና ኤሲው እግሬ ላይ እንዲነፋ አደረግኩ። ሁለት ትራስ ደርቤ ከፍ ብዬ ተኛሁ። እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ ሰቀልኩ። የልጆቹ እርጥበት ማውጫ ማሽን ካለና ካበደሩሽ ጥሩ ነው፣ ግን በየቀኑ ይታጠባል፣ አለዚያ ሻጋታ ነው የሚተነፍሰው። ክሎሮክስ ስይዝ ማስክ አደርጋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ። ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀልማ ለጤነኛም አፍንጫ አይሆንም፣ መርዝ ነው። ቡኹር ሲጨስ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እሸሻለሁ።

ስለ ዕረፍት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እሱንም ልበል። በዚህ በኤምሬትስ በ2022 በወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አለ፣ የመጀመሪያው 15 ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ የቀረው ያለ ደመወዝ። የሐኪም ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ ሐኪሙን «በአረብኛ ጻፍልኝ» ብዬ ለመንኩት። «ለሁለት ሳምንት ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ አታጎንብስ፣ አፍንጫዋን አትናፈጥ» ብሎ ጻፈ። ሳጎንብስ ደም ወደ አፍንጫ ስለሚመጣ ነው። ማስነጠስም አፍ ከፍቶ ነው። ማዳም ወረቀቱን አንብባ ዝም አለች። ያረፍኩት ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም ምንጣፍ ጠቅልዬ እንዳነሳ በአምስተኛው ቀን ተጠርቼ ነበር። ወረቀቱን መልሼ አሳየሁና ባባ ራሱ አነሳው። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።

ሳትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሳችሁ ሐኪም ቤት የምትሄዱበት ነገር አለ። የማይቆም ደም። ዓይን ዙሪያ ማበጥ ወይም ሁለት ሁለት ማየት። ከፍተኛ ትኩሳት። ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መድረቅ ጋር። ሌላው ደግሞ በአንድ በኩል እንደ ውሃ የጠራ ነገር ስታጎነብሱ ጠብ ጠብ ካለ፣ ጨው ጨው ካለ፣ እሱ ንፍጥ ላይሆን ይችላል፣ ከአንጎል ዙሪያ የሚወጣ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። «እቃጠራለሁ፣ ወደ አገር ይመልሱኛል» ብላችሁ አትደብቁ። እኔ የመድማቴን ነገር ሁለት ቀን ደብቄ ነበር፣ በዚሁ ፍርሃት።

ማሽተት በሰባተኛው ሳምንት ተመለሰልኝ። ቡና ይሆናል ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የሸተተኝ ክሎሮክስ ነው። ባልዲው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ ልጆቹ ሳቁብኝ። ለሁሉም ሰው አይመለስም፣ ፖሊፑም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል ብለውኛል፣ ለዚህ ነው ሐኪሙ ያዘዘልኝን መድኃኒት አሁንም የማላቋርጠው።

ጠርሙሴን ይዤ መጥቻለሁ። በየጊዜው በሳሙና ታጥቦ ተደፍቶ ይደርቃል፣ በሦስት ወሩ ይቀየራል። ውሃው ቅድም ፈልቶ አሁን ለብ ብሏል። ወደ መታጠቢያው ኑና ጭንቅላት እንዴት ዘንበል እንደሚል፣ በአፍ እየተነፈሱ እንዴት ከላይኛው ቀዳዳ እንደሚላክ ላሳያችሁ። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ግቡ፣ ሽንት ቤቷ ጠባብ ናት።