ሥጋ የሌለው ሰው ኢንሱሊኑን የት ይወጋ?

(ከዚህ በታች የሚነበበው፣ አዳማ ላይ የስኳር ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው በተገናኙበት አንድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)



ከሁሉ አስቀድሜ ሐኪም አለመሆኔን ልናገር። የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ፣ ለዚህም ለዚያም ጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ግን ብዕሬ ሳይሆን ጭኔ ነው። አትሳቁ! ምክንያቱን አሁን ትሰሙታላችሁ።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ነው፤ ክብደቴ 51 ኪሎ። እንደምታዩኝ የአዳማ ነፋስ ቢበረታ ሞጆ የሚያደርሰኝ ሰው ነኝ። ስኳር የያዘኝ በ19 ዓመቴ ሲሆን፣ አሁን 34 ደፍኛለሁ። በእነዚህ 15 ዓመታት ስንቱ ሰው «አንተ ደግሞ ምን በልተህ ነው ስኳር የያዘህ? እሱ እኮ የሀብታም በሽታ ነው!» እንዳለኝ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እዚሁ አፍንጫችን ሥር ወንጂ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳር ተመርቷል። አገዳ ቆራጩ ግን ያው እንደኔው ቀጭን ነው። ቅጥነት ከስኳር በሽታ ቢያድን ኖሮ ይሄ የእኛ ሸለቆ ሆስፒታል ባላስፈለገው ነበር።

ወደ ጭኔ ልመለስ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ወዳጄ ቤት ኢንሱሊኔን እንደ ልማዴ ጭኔ ላይ፣ ረጅሙን መርፌ ቀጥ አድርጌ ወጋሁ። ቁርሴን በላሁ። ከዚያ ከገበያው ወደ መናኸሪያው በእግሬ አቀናሁ። ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ፤ ምላሴ ተሳሰረ። አንዲት ሴትዮ «ይሄ ደግሞ በጠዋቱ ጠጥቶ!» ስትል ሰማኋት። መልስ ልሰጣት አልቻልኩም። ያዳነኝ አንድ ሊስትሮ ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ጠጣት፤ አባቴንም እንደዚህ ያረገዋል» ብሎ ሚሪንዳ አፌ ላይ ደቀነልኝ። የዚያን ልጅ ውለታ በምን እከፍላለሁ?

የወጋሁት መጠን የዘወትሩ ነበር፤ ቁርሱም ያው የዘወትሩ። ታዲያ ስኳሬ ለምን ወረደ?

መልሱን ያገኘሁት ከአንዲት ነርስ ነው። እሷ ጋ እስክደርስ ድረስ በክትትል ባሳለፍኳቸው ዓመታት ሁሉ ሰው የጠየቀኝ «ስንት ዩኒት ትወጋለህ?» እያለ ነው። «የት ትወጋለህ?» ያለኝ አንድም አልነበረም። ሲስተር ግን «እስኪ ሱሪህን ዝቅ አድርግና አሳየኝ» አለችኝ። አፈርኩ። እሷ አላፈረችም። ጭኔን በጣቶቿ ዳበሰች። ከዚያም «ወንድሜ፣ አንተ እኮ ኢንሱሊኑን ግማሹን ቀን ጓጓላ ውስጥ፣ ግማሹን ቀን ጡንቻ ውስጥ ነው የምትወጋው» አለችኝ። ከዚያች ዓረፍተ ነገር የበለጠ የረዳኝ መድኃኒት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይ ቆዳ አለ፤ ከሥሩ ስብ፤ ከስቡ ሥር ጡንቻ። ኢንሱሊን ማረፍ ያለበት መካከለኛው፣ ስቡ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ቆዳችን ወፍራምም ሆንን ቀጭን ውፍረቱ ብዙ አይለያይም፤ ከ2 እስከ 2 ተኩል ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሚለያየው ስቡ ነው። የሲሪንጅ መርፌ 6 ሚሊ ሜትር አለ፣ 8 አለ፣ 12 ነጥብ 7 የሚደርስም አለ። ቀጭን ሰው ረጅሙን ቀጥ አድርጎ ሲወጋ ስቡን አልፎ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ጡንቻ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ደግሞ በፍጥነት ይሠራል፤ በዚያ ላይ ጡንቻው ሲንቀሳቀስና ሰውነት ሲሞቅ ይብስበታል። እኔ ጭኔን ወግቼ፣ በዚያው ጭን፣ በዚያ ፀሐይ ተጓዝኩ። ሌላ ምን ይምጣ?

ጓጓላውስ? አንድ ቦታ ሲደጋገም ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ያብጣል፤ ይጠጥራል። ስሜቱ ስለሚደነዝዝ አያምም። ስለማያምም እዚያው እንመለሳለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አይደል የሚባለው! ጓጓላ ውስጥ የገባ ኢንሱሊን ዛሬ ይዘገያል፣ ነገ ይፈጥናል፤ ስኳሩ ያለ ምክንያት ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ሐኪሙም መጠኑን ይጨምራል። እዚህ ላይ አደራ የምለው ነገር አለ። ጓጓላውን ትታችሁ ጤነኛ ቦታ ስትጀምሩ ያው መጠን ሊበዛባችሁና ስኳራችሁን ክፉኛ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ለሐኪም ሳትናገሩ፣ ስኳራችሁን ቶሎ ቶሎ ሳትለኩ አትዛወሩ።

ታዲያ ቀጭን ሰው የት ይወጋ?

አንደኛ፣ መቀመጫ። የላይኛው ውጫዊ ክፍል ቀጭን ሰው ላይ እንኳ የተሻለ ስብ አለው። ሁለተኛ፣ ሆድ። ከእምብርት ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ፣ ግራና ቀኙ። ሦስተኛ፣ የጭን የላይኛው የፊትና የውጭ ጎን። የክንድ ጀርባ ግን ለቀጭን ሰው የመጨረሻ ምርጫ ነው፤ ስቡ ትንሽ ነው፣ በራስ እጅ ቆንጥጦ መያዝም አይመችም። ጥርት ያለው ሬጉላር ሆድ ላይ ይፈጥናል። ደፍረስ ያለው የማታው ኤን.ፒ.ኤች. ደግሞ ጭን ወይም መቀመጫ ላይ ረጋ ብሎ ይሠራል። ዛሬ ሆድ፣ ነገ ክንድ እያሉ ከሠፈር ሠፈር መዝለል ስኳሩን ያናውጠዋልና የጠዋቱ ለጠዋት ቦታ፣ የማታው ለማታ ቦታ ይሁን።

አወጋጉስ? ቆዳውን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ብቻ ለስለስ አድርጎ ማንሳት። በሙሉ እጅ ከጨበጡት ጡንቻውም አብሮ ይነሳል። መርፌው 8 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በ45 ዲግሪ ጋደል ማድረግ። ኢንሱሊኑ ገብቶ እስኪያልቅ ቆዳውን አለመልቀቅ፤ እስከ 10 ቆጥሮ መርፌውን ማውጣት። 4 ሚሊ ሜትር የሆነውን የብዕር መርፌ ያገኘ ሰው ቀጥ አድርጎ መውጋት ይችላል፤ በጣም የከሳና ሕፃን ልጅ ግን ለእሱም ቆዳ ይነሳ። ሆድን በአራት ክፈሉት፤ ለአንዱ ሩብ አንድ ሳምንት ስጡት፤ ከትናንቱ ቀዳዳ ቢያንስ አንድ ጣት ራቁ። አንዲት አሮጌ መርፌ እየደጋገሙ መጠቀምም ጓጓላ ከሚያመጡት አንዱ ነው። ሩጫ ወይም ረጅም መንገድ ያለበት ሰው ደግሞ በዚያ ሰዓት ጭኑን ይተወው።

«ፈረንጅ አገር እኮ መርፌ ቀርቷል፤ በማሽን ሆኗል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ፓምፕ የሚባል መሣሪያ አለ። የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ወገቧ ላይ አስራው መጣች። እሷም እንደኔው ናት፤ 47 ኪሎ። ፓምፑ ቆዳ ሥር በተተከለች ቀጭን ቱቦ ኢንሱሊን ሲያንጠባጥብ ይውላል። ቱቦዋ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ቦታ ትቀይራለች። ወደ ላንጋኖ ስንጓዝ መቂን እንዳለፍን ስኳሯ አልወርድ አለ። ብትጨምርበትም አልወረደም። ለካስ ሆዷ ላይ፣ ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ ነበር የተከለችው። የመኪናው ቀበቶ ጎትቷት፣ ለስላሳዋ ቱቦ ከሥጋ ጋር ተጋጭታ ታጥፋለች። ፓምፕ የሚጠቀመው ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ፣ ከተቋረጠ በሰዓታት ውስጥ አደጋ ነው። ከመኪናው ወርዳ አዲሷን ከመቀመጫዋ በላይ ወደ ጎን፣ ልብስ በማይፍቀው ቦታ ተከለችው። ቀጥ ብላ የምትገባዋን ትታ ጋደል ብላ የምትገባዋን መረጠች፤ ለቀጭን ሰው እሷ ትሻላለች። «ሆዴ ላይ ቦታ አልቆብኛል እኮ» አለችኝ እየሳቀች። ያኔ ነው የገባኝ። በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛው ማሽንና የእኔ ሲሪንጅ ያው አንድ ጥያቄ አለባቸው፤ የት?

ጥያቄው ደግሞ የዛሬ አይደለም። ኢንሱሊን በሰው ላይ ሲሞከር እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1922 ቶሮንቶ ላይ መጀመሪያ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ክብደቱ 29 ኪሎ ገደማ! መድኃኒቱ በደንብ ያልተጣራ ስለነበር የተወጋበት ቦታ አበጠ፣ መግል ቋጠረ። ከ12 ቀን በኋላ የተጣራው ተሰጠውና ስኳሩ ወረደ፤ 13 ዓመትም ኖረ። የኢንሱሊን ታሪክ የተጀመረው በወፍራም ሆድ ሳይሆን አጥንቱ በወጣ ልጅ ገላ ላይ ነው።

በአገራችንም ጎንደርና ጅማ ያሉ ሐኪሞች፣ ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙን ጨምሮ፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን አብዛኞቹ ድሆችና ቀጫጭኖች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር በ1985 በዝርዝሩ አስገብቶ በ1999 ሰርዞት ነበር። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «5ኛው ዓይነት» ብሎ መልሶ እውቅና ሰጠው። ማለትም ቀጭኑ ሕመምተኛ አንዴ ይጻፋል፣ አንዴ ይሰረዛል። እኛ ግን በዚያን ሁሉ ጊዜ እዚሁ ነበርን!

ስለ ሙቀቱም አንድ ቃል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ግን አይንካው። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ደግሞ ተስፋ አይቁረጥ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ሙቀት ልክ ሞክረው፣ በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል የቆየ ኢንሱሊን ለ4 ሳምንት ኃይሉን እንዳልቀነሰ በ2021 አሳውቀዋል። ጥላ ውስጥ የተቀመጠ እርጥብ የሸክላ ዕቃ መተሐራም ላይ ይሠራል። መኪና ውስጥ መተው ግን መድኃኒቱን መግደል ነው።

ወገኖቼ፤ ኢንሱሊንን ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብታቸውን በ1923 ለዩኒቨርሲቲያቸው የሸጡት ለእያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው። የዚያ ውለታ ፍጻሜ፣ ቀጭን ሰው ለማይሆነው መርፌ ከፋርማሲ ፋርማሲ መንከራተት መሆን አልነበረበትም። «የሚመለከተው ክፍል» የሚባለውን ሦስት ነገር እንጠይቀው። በየክትትሉ የምንወጋበት ቦታ ይዳሰስ። አጭር መርፌ ለድሃም በሚቀመስ ዋጋ ይግባ። ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው ሥዕል ውስጥ ከወፍራሙ ሰውዬ ጎን የእኛም ገላ ይሳል። የሚመለከተው ክፍል እስኪ አንዴ ይመልከተን!

እኛም ከራሳችን እንጀምር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ጭናችሁንና ሆዳችሁን ዳብሱ፤ የልጆቻችሁንም። ጓጓላ ካገኛችሁ ነገ ለሐኪማችሁ አሳዩ። እሱ «ስንት ትወጋለህ?» ካላችሁ፣ «የት እንደምወጋም ጠይቀኝ» በሉት።