መስኮቱ የሚከፈት ቢሮ

ሰላም፦ ናይሮቢ፣ ጊጊሪ ውስጥ 1,200 ያህል የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች እንዲሠሩበት የታነጸ ሕንፃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመረቀ። የሚፈጀውን ኃይል ያህል በዓመቱ ከፀሐይ እንዲያመነጭ ታስቦ ነው የተነደፈው። 6,000 ካሬ ሜትር ሶላር ተዘርግቶለታል። አየር ማቀዝቀዣ ግን የለውም።

ዳዊት፦ ታዲያ ሰው አይታፈንም?

ሰላም፦ መሐሉ እስከ ጣሪያው ክፍት ነው። ሞቃቱ አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ንጹሑ በመስኮት ይገባል። የቀን ብርሃንም በዚያው ይወርዳል። ኮምፒውተሩ እንኳ ላፕቶፕ እንዲሆን የተመረጠው ኃይልም ስለሚቆጥብ፣ ሙቀትም ስለማያበዛ ነው።

ዳዊት፦ እኔን የሚቆጨኝ፣ አዲስ አበባ ከናይሮቢም ከፍ ብላ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣ፣ እንዲህ ያለ አየር ታድላ፣ ሕንፃውን ሁሉ መስታወት ማልበሳችን ነው። ወደ ምዕራብ የዞረ ቢሮ ከሰዓት በኋላ ይጋላል። ሠራተኛው መጋረጃ ይዘጋል፣ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል!

ሰላም፦ ምቾት ደግሞ የቴርሞሜትር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዲ ዲር እና ብሬገር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ መስኮቱን ራሱ መክፈት የሚችል ሰው ሰፋ ያለ የሙቀት ልዩነት ይመቸዋል።

ዳዊት፦ የመንገዱ ጩኸትና አቧራስ? ዋና መንገድ ዳር ማን መስኮት ይከፍታል?

ሰላም፦ ትልቁ ፈተና እሱ ነው። መስኮቶቹ ወደ ውስጠኛው ግቢ ይዙሩ፣ የመንገዱን ፊት ደረጃና ሊፍት ይያዘው። ይህ ግን መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ ገና በንድፉ ላይ መወሰን አለበት።